ሞተር ሲታደስ የካምሻፍት ቡሽ በምን ይመረጣል?

ጠያቂ፦

ጤና ይስጥልኝ። የሼቭሮሌት ስሞል ብሎክ የሚባለውን 5.7 ሊትር (350 ኪዩቢክ ኢንች) ቪ8 ሞተር ሙሉ በሙሉ ፈትቼ በማደስ ላይ ነኝ። ክራንክሻፍቱ ተሞርዷል፤ የባንኮና የቢየላ ኩሽኔታዎችም (ክራንክሻፍቱ ብሎኩ ላይ የሚዞርባቸውና የፒስተን ዘንጎቹ ከእሱ ጋር የሚያያዙባቸው) በልካቸው ተገዝተዋል። ብሎኩ ደግሞ በዚህ ሳምንት በሙቅ ኮስቲክ ሶዳ ገንዳ ሊታጠብ ወደ ሬቲፊካ (የሞተር ክፍሎች በማሽን የሚስተካከሉበት ጋራዥ) ይሄዳል። ገና ያልወሰንኩት የካምሻፍቱን ቡሾች፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ የሚዞርባቸውን ቀለበቶች፣ ጉዳይ ነው።

የድሮዎቹን ቡሾች በመብራት አይቻቸዋለሁ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደህና ይመስላሉ። መካከለኛው፣ ማለትም ሦስተኛው፣ ግን ከታች በኩል ግራጫው ሽፋን የአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ስፋት አልቆ የብረት ጀርባው እያብለጨለጨ ይታያል። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ሲሞቅ የዘይት ግፊቱ በጣም ይወርድ ስለነበር፣ አንዱ ምክንያት ይህ ይሆን ብዬ አስባለሁ።

ለመግዛት የቀረቡልኝ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ተራው የባቢት (ለስላሳ ቅይጥ ብረት) ቡሽ፣ ከእሱ ጠንከር ያለ የአሉሚኒየም ቅይጥ ንጣፍ ያለው፣ እንዲሁም ጠንካራ ሆኖ ላዩ ሰበቃን በሚቀንስ ሽፋን የተቀባ። አዲሱ ካምሻፍት ለጠፍጣፋ ሃይድሮሊክ ፑንቴሪያ (የካምሻፍቱን ግፊት ወደ ቫልቩ ለሚያስተላልፈው ክፍል) የተሠራ ነው፤ የቫልቭ ሞላዎቹ ከፋብሪካው ትንሽ ብቻ ይጠነክራሉ። መኪናው ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የሚውል ስለሆነ ሞተሩ በደቂቃ ከ5,500 ዙር በላይ አይወጣም። ደህና የሚመስሉትን ትቶ የተበላውን ብቻ መቀየር ይቻላል ወይ? ካልሆነስ ከሦስቱ የትኛው ይሻላል? ደግሞስ አምስቱ ቡሾች ሁሉም አንድ ናቸው ወይስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው?

የሬቲፊካ ባለሙያ፦

ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሣ። ብሎኩ ሙቅ ኮስቲክ ገንዳ ውስጥ የሚገባ ከሆነ አምስቱም ቡሾች አስቀድመው መውጣት አለባቸው። ሙቅ ኮስቲክ አሉሚኒየምን ይበላል፤ የባቢቱንም ገጽ ያበላሻል። ከዚያ በላይ ግን ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ምክንያት አለ፤ በእርስዎ ሞተር ላይ ከእያንዳንዱ ቡሽ ጀርባ ብሎኩ ላይ የተቆረጠ ክብ ቦይ ይገኛል። ከዋናው የዘይት መስመር የሚወርደው ዘይት ወደ ክራንክሻፍቱ የባንኮ ኩሽኔታ የሚደርሰው በዚህ ቦይ ዞሮ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመው ጭቃና የብረት ብናኝ የሚተኛውም እዚያው ስለሆነ፣ ቡሹ ካልወጣ ያን ቦታ ማንም አያጸዳውም። ሲሊንደር ሲሰፋ የረገፈው ብናኝ እዚያ ከቀረ ደግሞ ሞተሩ ተነሥቶ በመጀመሪያው ደቂቃ አዲሶቹን የባንኮ ኩሽኔታዎች ይጭራቸዋል።

የዘይት ግፊቱን በተመለከተ ያሰቡት ትክክል ነው። ዘይቱ ወደ ባንኮ ከመድረሱ በፊት በካምሻፍቱ ቡሽ ዙሪያ ስለሚያልፍ፣ ቡሹ ከተበላና በእሱና በካምሻፍቱ አንገት (ቡሹ ውስጥ በሚዞረው የዘንጉ ክፍል) መካከል ያለው ክፍተት ከሰፋ ዘይቱ እዚያው ወደ ካርተር፣ ማለትም ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ፣ ይፈሳል። የባንኮና የቢየላ ኩሽኔታዎችን ብቻ ቀይሮ የካምሻፍቱን ቡሽ የተወ ሰው ሞተሩን ከገጠመ በኋላ ግፊቱ አሁንም ዝቅ ብሎ ሲያገኘው የዘይት ፓምፑን ይጠረጥራል፤ ፓምፑን ቀይሮም ያው ነው።

የአምስቱ ቡሾች ጉዳይ በጥሞና መታየት ያለበት ነው። በስሞል ብሎክ ሼቭሮሌት ላይ የካምሻፍቱ አምስት አንገቶች ሁሉም እኩል ሲሆኑ ስፋታቸው 47.46 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ሲታዩ ቡሾቹም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ብሎኩ ላይ ያሉት የቡሽ ቤቶች ግን እኩል አይደሉም፤ የፊተኛው ቤት ሰፊው ነው፣ ሁለተኛውና አምስተኛው ከእሱ በ0.25 ሚሊሜትር ያህል ይጠባሉ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ደግሞ ከእነዚህ በዚያው መጠን ይጠባሉ። ስለዚህ በአንድ ሳጥን ውስጥ የሚመጡት አምስት ቡሾች በውስጥ ስፋታቸው ተመሳሳይ ሆነው በጀርባቸው ውፍረት ሦስት ዓይነት ናቸው። ለሁለተኛው ቤት የተሠራውን ሦስተኛው ላይ በመዶሻ ለማስገባት የሞከረ ሰው ቡሹን ያጣምመዋል፤ በተቃራኒው ያደረገ ደግሞ ቡሹ ያለምንም ተቃውሞ ገብቶ ሞተሩ ሲሠራ አብሮ እንዲሽከረከር ፈቀደ ማለት ነው። ከመጀመርዎ በፊት የእያንዳንዱን ቡሽ ቁጥር ከሳጥኑ ወረቀት ጋር አመሳክረው በቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ ደርድሯቸው።

ስለዚህ የኔ ምክር ከቡሹ ዓይነት በፊት ልኬት ይቅደም የሚል ነው። አምስቱን ቤቶች ቡሹ ወጥቶ ብሎኩ ከታጠበ በኋላ በውስጥ መለኪያ፣ አምስቱን አንገቶች ደግሞ በማይክሮሜትር በሁለት አቅጣጫ ይለኩ። ከቤቶቹ አንዱ ከዚህ ቀደም ቡሽ ተሽከርክሮበት ከሰፋ፣ የውጭ ስፋቱ በዚያ ልክ የጨመረ ቡሽ አለ፤ ለዚያ ግን ቤቱ በማሽን ተስተካክሎ መሰፋት አለበት። ካምሻፍቱ ተሞርዶ አንገቱ ከቀጠነ ደግሞ ውስጡ የጠበበ ቡሽ ይፈለጋል። ይህ ሳይታወቅ የተገዛ ውድ ቡሽ ምንም አይጠቅምም።

የመካኒክነት መምህር፦

ባለሙያው ስለ ልኬት ያሉትን በሙሉ እቀበላለሁ። እኔ የምጨምረው ስለ ቡሹ ንጣፍ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ረገድ «ጠንካራው ሁልጊዜ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰዎችን ስለሚያሳስት ነው።

ባቢት የሚባለውን ቅይጥ አሜሪካዊው አይዛክ ባቢት በ1839 ነው ያስተዋወቀው። አንዱ የታወቀ ዓይነት 89 በመቶ ያህሉ ቆርቆሮ ሲሆን ቀሪው አንቲሞኒና መዳብ ነው፤ በእርሳስ ላይ የተመሠረቱም አሉ። የዚህ ብረት ትልቁ ጥቅሙ ለስላሳነቱ ነው። በዘይቱ ውስጥ ያለፈች ጥቃቅን የብረት ብናኝ ባቢቱ ውስጥ ሰጥማ ትቀራለች እንጂ የካምሻፍቱን አንገት እየፋቀች አትዞርም። የካምሻፍቱ መስመር በጥቂት ማይክሮን ቢዛነፍም ባቢቱ ራሱን ከአንገቱ ጋር ያስማማል። ዘይት ገና ሳይደርስ ሞተሩ በሚነሣባት ቅጽበትም አንገቱን አይጎዳም። ጠንካራው ቅይጥ ይህን ሁሉ በከፊል ያጣል፤ በምትኩ የሚሰጠው ከባድ ጭነት ሲደጋገምበት አለመሰንጠቁንና አለመላጡን ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጭነቱ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ካምሻፍት የሚዞረው በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ነው፤ የእርስዎ ሞተር 5,500 ዙር ሲደርስ ካምሻፍቱ 2,750 ዙር ላይ ነው። ዋናው ጭነት የሚመጣው ከቫልቭ ሞላ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የፋብሪካው ሞላ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 90 ኪሎ ግራም ገደማ ይገፋል፤ የሮከሩ (ቫልቩን የሚጫነው ማንሻ) ምጥጥን 1.5 ስለሆነ ካሙ (የካምሻፍቱ ጉብታ) ላይ የሚደርሰው 135 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል ማለት ነው። ባቢት ይህን ያለችግር ይሸከማል። ለውድድር የሚሠሩ የሮለር ፑንቴሪያ ሞተሮች ሞላቸው ብቻውን ከ300 ኪሎ ግራም ሲያልፍ ግን ለስላሳው ንጣፍ እየተቀጠቀጠ ይሰነጠቃል፤ ጠንካራው ቅይጥና ሽፋን ያለው ቡሽ የተሠሩት ለእነዚያ ነው። ከዚያም ከፍ ሲል በመርፌ ሮለር የሚሠራ ኩሽኔታ ይገባል፤ ይህ ግን ቤቶቹ በማሽን እንዲሰፉና ካምሻፍቱ ሮለር የሚሸከም ጠንካራ ብረት እንዲሆን ይጠይቃል። ተራው የተቀለጠ ብረት ካምሻፍት ላይ ሮለር ቢሄድበት ገጹ ይቆፈራል።

እርስዎ በገለጹት አገልግሎት፣ በጥቂቱ በጠነከረ ሞላ፣ ከታወቀ አምራች የሚመጣ የባቢት ቡሽ ከበቂ በላይ ነው። በሞላው ጥንካሬ ላይ ጥርጣሬ ካለዎት ሞላውን በመለኪያ ያስለኩት። ሽፋን ያለውን ከመረጡም አይከፋም፤ ነገር ግን ሽፋኑ ራሱ ውፍረት ስላለው ከገባ በኋላ ክፍተቱን መልሶ መለካት ግዴታ ነው።

የናፍጣ መካኒክ፦

ጠያቂያችን ያነሡት ጉዳይ በሌሎች ሞተሮች ላይ መልኩን ስለሚቀይር፣ ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው የስሞል ብሎኩን ልክ ወስዶ እንዳይሳሳት ጥቂት ልበል።

በፎርድ 302 ላይ ለምሳሌ የካምሻፍቱ አንገቶች ራሳቸው ከፊት ወደ ኋላ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ የፊተኛው 52.86 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን የኋለኛው 51.33 ሚሊሜትር ያህል ነው። እዚያ አምስቱም ቡሾች የተለያዩ ናቸው። በአንጻሩ የከሚንስ 6ቢቲ 5.9 ሊትር ናፍጣ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ ቡሽ ያለው የፊተኛው አንገት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አንገቶች በቀጥታ በብሎኩ ብረት ላይ ይዞራሉ። ስለዚህ «ሙሉ የቡሽ ስብስብ» ፈልጎ መደናገር አያስፈልግም፤ የተቀሩት ቤቶች ከተበሉ በሬቲፊካ ተሰፍተው ቡሽ ይገባባቸዋል።

ካምሻፍታቸው ቴስታታ (ከብሎኩ በላይ የሚታሰረው የሞተሩ ራስ) ላይ የሆኑ ብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ደግሞ ጨርሶ ቡሽ የላቸውም። ካምሻፍቱ የሚዞረው በራሱ በቴስታታው አሉሚኒየም ላይ ነው። እዚያ የሚገዛ ቡሽ ስለሌለ ቤቱ ከተጫረ መፍትሔው ቴስታታውን መቀየር፣ ወይም በብየዳ ሞልቶ በአንድ መስመር መልሶ መስፋት ነው። ካምሻፍቱን ከላይ በሚይዙት ክዳኖች ላይ ያለው ቁጥርና ቀስት መከበር አለበት፤ ክዳኖቹ ከቴስታታው ጋር ታስረው በአንድነት የተሰፉ ስለሆኑ ቦታ ቢቀያየሩ ወይም ቢገለበጡ ካምሻፍቱ ይያዛል። በእነዚህ ላይ ክፍተቱን በፕላስቲጌጅ መለካት ይቻላል፤ ክዳኑ ሲጠብቅ የሚጨፈለቀው ክር ልኩን ይናገራል። በጠያቂው ሞተር ላይ ግን ቡሹ ሙሉ ቀለበት ስለሆነ ያ ዘዴ አይሠራም፤ የውስጥ መለኪያና ማይክሮሜትር ብቻ ናቸው የሚያዋጡት።

ጠያቂ፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት አምስቱም ቡሾች ወጥተው ብሎኩ ታጥቧል፤ ቤቶቹም ተለክተው በልካቸው ተገኝተዋል። የባቢት ቡሾቹን ገዝቼ በማስገቢያው መሣሪያ አስገብቻለሁ። ከገቡ በኋላ ስለካ በአራቱ ላይ ክፍተቱ ከ0.06 እስከ 0.08 ሚሊሜትር ሲሆን አራተኛው ላይ 0.03 ብቻ ነው። ካምሻፍቱን ዘይት ቀብቼ ሳስገባው ገብቷል፤ ሲዞር ግን በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ከበድ ይላል። በማሽከርከር ራሱን እንዲያለሰልስ መተው ይቻላል ወይስ መውጣት አለበት?

የሬቲፊካ ባለሙያ፦

እንዳይተዉት። በትክክል የገባ ካምሻፍት ጥርሱ (የፊት ማርሹ) ታስሮበት በሁለት ጣት ብቻ ያለምንም መያያዝ መዞር አለበት። የፋብሪካው መመሪያ ሁልጊዜ ይቅደም እንጂ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር የተለመደው ክፍተት ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ነው፤ 0.03 ለዘይቱ ጠባብ ነው።

መጀመሪያ ግን ካምሻፍቱን ከጥርጣሬ ነፃ ያውጡት። በዙሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ መክበዱ ካምሻፍቱ የተጣመመ ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል፤ ቡሹ ብቻ ቢጠብ ኖሮ ክብደቱ ዙሩን ሙሉ በተሰማ ነበር። ሁለቱን ጫፎች በቪ ብሎክ (የቪ ቅርጽ ባለው መደገፊያ) ላይ አስቀምጠው መካከለኛው አንገት ላይ ሰዓት መለኪያ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መሣሪያ) ያሳርፉና ቀስ ብለው ያዙሩት። መርፌው ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ ካምሻፍቱ መመለስ ወይም መቃናት አለበት፤ አዲስ መሆኑ ዋስትና አይሆንም፣ በጉዞ ላይ ይጣመማል።

ካምሻፍቱ ቀጥ ያለ ከሆነ የአራተኛውን አንገት በሰማያዊ መለያ ቀለም ስስ አድርገው ቀብተው ያስገቡትና ጥቂት ዙር አዙረው ያውጡት። ቀለሙ ቡሹ ላይ የተወው ምልክት የት እንደሚነካ ያሳያል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በቡሹ አንድ ጠርዝ ላይ ነው፤ መሣሪያው ትንሽ አጋድሎ ሲመታ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ያን ቦታ በኩሽኔታ መፋቂያ በጣም ስስ አድርጎ መፋቅ ይቻላል። በአሸዋ ወረቀት ግን ፈጽሞ አይንኩት፤ የወረቀቱ ብናኝ ለስላሳው ባቢት ውስጥ ተቀብሮ ይቀርና የካምሻፍቱን አንገት እንደ ሞረድ ይበላዋል። ምልክቱ ዙሪያውን ሙሉ ከሆነ ቡሹ ቁጥሩ ተሳስቷል ወይም ቤቱ ውስጥ ቆሻሻ ገብቷል ማለት ነውና አውጥተው በአዲስ ይተኩት። አንድ ጊዜ የወጣ ቡሽ ተመልሶ አይገባም።

ሌላውን ሲያስገቡ የቤቱን ጠርዝ ይዳስሱት። ጠርዙ ስል ከሆነ ቡሹ ሲገባ ከጀርባው እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ክር ይልጣል፤ ያ ክር ከጀርባው ባለው የዘይት ቦይ ውስጥ ይቀመጣል። ጠርዙን በጥሩ ሞረድ በስሱ ማለዘብ፣ ከዚያም ብሎኩን እንደገና መንፋትና ማጠብ ያስፈልጋል።

የመካኒክነት መምህር፦

ቡሹ እንደገና የሚገባ ስለሆነ ስለ ዘይት ቀዳዳው አቀማመጥ ላንሣ። የቫልቭ ሞላዎቹ ካምሻፍቱን ወደ ታች ስለሚገፉት የቡሹ ታችኛው ክፍል ነው ጭነቱን የሚሸከመው። ቀዳዳው እዚያ ላይ ከዋለ አንገቱ ራሱ ይደፍነዋል፤ የዘይቱም ሽፋን በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ይቆረጣል። በእርስዎ ብሎክ ላይ ከቡሹ ጀርባ ቦይ ስላለ ቀዳዳው የትም ቢሆን ዘይት ያገኛል፤ ስለዚህ ቦታውን የመምረጥ ነፃነት አለዎት። ከፊት ሆነው ሲያዩ፣ ካምሻፍቱ ወደ ቀኝ ስለሚዞር፣ የሰዓት ፊት ላይ 2 ቁጥር ባለበት አቅጣጫ ቢውል ዘይቱ ጭነት በሌለበት በኩል ገብቶ በዙሩ እየተሳበ ወደ ታችኛው ክፍል ይደርሳል። ቦይ በሌላቸው ብሎኮች ግን ይህ ምርጫ የለም፤ የቡሹ ቀዳዳ ከብሎኩ ቀዳዳ ጋር በትክክል መግጠም አለበት፣ ከገባም በኋላ ቀጭን ሽቦ አሳልፎ ማረጋገጥ ይገባል።

የስሞል ብሎክ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ በ1955 እና በ1956 የተሠራውን 265 ኪዩቢክ ኢንች ብሎክ የሚያድስ ሰው ካለ ልብ ይበል፦ በእነዚያ ሞተሮች ዘይት ወደ ፑንቴሪያዎቹ የሚደርሰው በካምሻፍቱ የኋለኛ አንገት ላይ በተቆረጠ ቦይ በኩል ነው። ቦይ የሌለውን የኋላ ዘመን ካምሻፍት የገጠመበት ሰው ቡሾቹ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ የላይኛው ክፍል ዘይት አያገኝም።

ጠያቂ፦

ካምሻፍቱ በሰዓት መለኪያ ታይቶ በመካከለኛው አንገት ላይ 0.07 ሚሊሜትር ስለተንቀሳቀሰ ለሻጩ ተመልሶ ሌላ ተሰጥቶኛል። አዲሱ 0.02 ብቻ ነው። አራተኛው ቡሽም ወጥቶ በሌላ ተተክቷል፤ የቤቱ ጠርዝ በእርግጥ ስል ነበር። አሁን ክፍተቱ 0.06 ሆኗል፣ ካምሻፍቱም ጥርሱ ታስሮበት በሁለት ጣት ይዞራል። ከኋላ የሚገባውን መድፈኛ ክዳን ከመምታቴ በፊት ልጠነቀቅበት የሚገባ ነገር ይኖር ይሆን?

የሬቲፊካ ባለሙያ፦

አለ። ያ ክዳን ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ከተመታ የካምሻፍቱን ጫፍ ይነካና ወደ ፊት ይገፋዋል። ካምሻፍቱን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፍተው የፊት ጥርሱ ብሎኩን ሲነካ ይያዙት፤ ክዳኑን በማሸጊያ ቀብተው ጠርዙ ከብሎኩ ገጽ ጋር እኩል እስኪሆን ወይም በጥቂቱ ብቻ እስኪጠልቅ ይምቱት። ከዚያ ካምሻፍቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት፤ ከመምታትዎ በፊት የነበረው እንቅስቃሴ ሳይቀንስ መገኘት አለበት። ከቀነሰ ክዳኑ እየነካው ነውና ሌላ አዲስ ክዳን ያስገቡ።